ሰማንያና ርስት
የጋብቻ፣ የፍችና የልጆች ሕግ ታሪክ በምዕራብ ጎጃም

ስለ ቤተሰብ ሕግ የሚጻፍ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከአዋጅ ይጀምራል። አዋጁ የወጣበትን ቀንና የአንቀጾቹን ቁጥር ከዘረዘረም በኋላ ታሪኩ ያለቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ጋብቻ ከአዋጅ በፊት ነበረ፤ ፍችም ከችሎት በፊት ነበረ፤ ልጅም ከመዝገብ በፊት ይወለድ ነበር። የአንድን ኅብረተሰብ የቤተሰብ ሕግ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ያ ኅብረተሰብ ከምን ይኖር እንደ ነበረ፣ የሚኖርበትንም ነገር ለማን ያወርስ እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባዋል።

በመርዓዊ አካባቢ ከሚፈሰው ከቆጋ ወንዝ አንሥቶ በቡሬ ገበያ በኩል እስከ ፍኖተ ሰላምና እስከ ደጋ ዳሞት ተራሮች በተዘረጋው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ሕዝቡ የሚኖረው ከመሬት ነው። ስለዚህም በዚህ አገር የጋብቻ ሕግና የመሬት ሕግ ተለያይተው አያውቁም። ስለ አንደኛው የተወሰነው ሁሉ ሌላውን ነክቶታል፤ አንደኛው ያላገኘውን ድጋፍ ሌላውም ሳያገኘው ቀርቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ትስስር በየዘመኑ መከታተል ነው።

ሦስቱ ኪዳኖች

በጎጃም እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ይታወቅ ነበር። የመጀመሪያው የቁርባን ጋብቻ ነው። ባልና ሚስት በቤተ ክርስቲያን ሥጋ ወደሙ ተቀብለው የሚገቡበት በመሆኑ ከሞት በቀር የሚፈታው አልነበረም። ካህናት የግድ በዚህ ይታሰሩ ነበር፤ ድንግል አግብተው ከመቍረባቸው በፊት ቅስና አይቀበሉም። ከምእመናኑ መካከል ግን ብዙዎቹ ይህን ኪዳን የሚገቡት በዕድሜ ከገፉ፣ ልጆች ካሳደጉ በኋላ ነበር።

ሁለተኛው ሰማንያ የሚባለው ነው። ስያሜውን አንዳንዶች ከምስክሮቹ ቁጥር፣ ሌሎችም ከውሉ መቀጫ ጋር ያያይዙታል። የብዙኃኑ ጋብቻ ይህ ነበር። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ዋስ ተጠርቶ፣ በንጉሥ ስም ተምሎ የሚፈጸም ውል ነው። ውል በመሆኑም እንደ ማንኛውም ውል ሊፈርስ ይችል ነበር፤ ባልም ሚስትም ፍች መጠየቅ ይችሉ ነበር።

ሦስተኛው የደሞዝ ጋብቻ ነው። ሴቲቱ በወር ወይም በዓመት የተወሰነ ደሞዝ እየተከፈላት ከወንዱ ጋር የምትኖርበት ሲሆን፣ በተለይ ከቤቱ ርቆ የሚኖረው ነጋዴና ወታደር ይጠቀምበት ነበር። ከሦስቱ ለሴቲቱ አነስተኛ ክብርና ዋስትና የሚሰጣት ይህ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ከሦስቱ የምትባርከው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። የጋብቻ ትምህርቷ የተመሠረተው በግብጽ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ በተመለሰው በፍትሐ ነገሥት ላይ ነው። የመጽሐፉ 24ኛ አንቀጽ ስለ መተጫጨትና ስለ ጋብቻ ይናገራል። ዐፄ ቴዎድሮስም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕዝቡ በአንድ ሚስት እንዲጸና፣ ዕቁባት ማኖርም እንዲቀር ለማድረግ ደክመዋል። ሰማንያው ግን ከቤተ ክርስቲያኑም ከቤተ መንግሥቱም ምኞት በላይ ጸንቶ ኖረ። የጸናበትም ምክንያት በሕዝቡ ግብዝነት የሚተረጐም ሳይሆን ከርስቱ ሥርዓት ጋር የተስማማ በመሆኑ ነው።

ከብት ይካፈላሉ፣ ርስት አይካፈሉም

የጎጃም ርስት ከአባት ወደ በኵር ልጅ ብቻ የሚሄድ አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከአቅኚ አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ቢሆን፣ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናውና ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ አለን ሆበን እንዳስረዳው፣ አንድ ገበሬ በአያቶቹና በቅድመ አያቶቹ በኩል በብዙ አቅኚ አባቶች መሬት ላይ መብት ሊኖረው ይችል ነበር። በተግባር የሚያገኘው ግን ትውልዱን ቈጥሮ፣ ምስክር አቁሞ፣ ተሟግቶ የረታውን ያህል ነበር።

ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ባለ ርስት ነበረች። በዚያ ዘመን በብዙ የዓለም ክፍል ሴት መሬት የማትወርስ በነበረችበት ጊዜ የጎጃም ገበሬ ሴት ልጅ የአቅኚ አባቷን ስም ጠርታ ድርሻዋን መጠየቅ ትችል ነበር። ሁለተኛ፣ የባልና የሚስት ርስት በጋብቻ አይዋሐድም ነበር። ሁለቱ ቤተሰቦች ለጎጆ መውጫ በማጫ መልክ የሰጧቸው ከብትና ከዚያ በኋላ አብረው ያፈሩት ሀብት በፍች ጊዜ በሽማግሌ ፊት ይከፋፈል ነበር፤ ርስቱ ግን ለየወገኑ ይቀር ነበር። ሁለቱን ርስቶች የሚያገናኘው ልጁ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሰማንያው ቢፈርስም ልጁ ከሁለቱም ወገን የሚወርሰው አልፈረሰም። አባቱ እስከ ተቀበለው ድረስም ከየትኛው ዓይነት ጋብቻ መወለዱ ድርሻውን አላስቀረበትም። የፍች መብዛት ማኅበሩን ያላናጋበት ምሥጢር ይህ ነው። ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያን ዘመድ ከዘመድ እስከ ሰባት ትውልድ እንዳይጋባ ስለምትከለክል ሽማግሌዎች ከእያንዳንዱ እጮኝነት በፊት የሁለቱን ወገኖች ሐረግ ይቈጥሩ ነበር። በጋብቻ ጊዜ ዝምድና አለመኖሩን ለማረጋገጥ የተቈጠረው ያው ሐረግ በርስት ክርክር ጊዜ ደግሞ ዝምድና መኖሩን ለማስረዳት ይቈጠራል። አንዱ ዕውቀት ለሁለት ፍርድ አገለገለ ማለት ነው።

ነገር ግን መብቱ በሐረግ የተጻፈውን ያህል በማሳው ላይ አልታየም። ሙሽራይቱ ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች፤ ርስቷ ከወንድሞቿ ዘንድ ይቀራል። ማረሻ መጨበጥ የወንድ ሥራ በመሆኑም መሬቷን ይዛ ለመኖር ባል፣ ወንድም ወይም እኩል አራሽ ያስፈልጋት ነበር። ከተፈታች በኋላ ወደ ወላጆቿ ቀዬ ስትመለስ ድርሻዋን ለዓመታት ያረሰው ወንድሟ በፈቃዱ ካልለቀቀላት ወንድሟን መክሰስ ነበረባት። ባለ መብት መሆንና መብትን መጨበጥ ያኔም የተለያዩ ነገሮች ነበሩ።

ቃሏ ያልተጠየቀ ሙሽራ

የልማዱ ትልቁ ጕድለት ግን ከዚህ የከፋ ነበር። ፍች የመጠየቅ ነጻነት ያላት ሴት ጋብቻውን የመምረጥ ነጻነት አልነበራትም። የመጀመሪያው ጋብቻ የሁለት ቤተሰቦች ውል ነበር። ሽማግሌዎቹ በከብቱ ቍጥር ላይ ሲከራከሩ ከሙሽሮቹ፣ ይልቁንም ከሙሽራይቱ፣ የሚጠየቅ ቃል አልነበረም። ብዙውን ጊዜም ቃል ለመስጠት ዕድሜዋ አልደረሰም። አንዳንዷ ከአቅመ ሔዋን በፊት ተድራ በአማቷ ቤት ታድግ ነበር። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፤ ድንግልናዋ ሳይነካ መዳሯ፣ ወላጆቿ በሕይወት ሳሉ ወግ ማየታቸው፣ ከጥሩ ቤተሰብ ጋር መወዳጀታቸው። ምክንያቱ ሁሉ የወላጅ እንጂ የልጅቱ አልነበረም።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ይህን ነገር ከሕግ ቀድሞ አይቶታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባሳተሙት የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ በሚተርከው መጽሐፋቸው የጋብቻ ልማድ መታረም እንዳለበት አሳስበዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የጎጃሙ ተወላጅ የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርም ነገሩን ከሌላው ጎን ያሳያል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር አጣን እያሉ የሚጠይቋትን ሁሉ ሲመልሱ ልጅቱ ሳታገባ ትቀመጣለች። የገበሬው ልጅ ያለ ዕድሜዋ ስትዳር የባላባቱ ልጅ ዕድሜዋ ሲያልፍ አለመዳሯ ተቃራኒ ይመስላል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። መዳርም አለመዳርም የአባት ሥልጣን ነበር።

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤተሰብን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገሪቱ ሁሉ በአንድ ሕግ ሥር አዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በልማድ የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች እኩል ተቀበላቸው። ለጋብቻ የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ አስፈላጊ እንዲሆን፣ ወንዱ 18 ሴቲቱ 15 ዓመት እንዲሞላቸው አዘዘ። ከባድ ምክንያት ሲኖር ንጉሠ ነገሥቱ ወይም እንደራሴያቸው ከዚህ እስከ ሁለት ዓመት ሊቀንሱ ይችሉ ነበር። በውርስም ረገድ ጾታ ልዩነት እንዳያመጣ ደነገገ።

በእነዚህ ነጥቦች ሕጉ ወደ ፊት የተራመደ ነበር። በሌሎች ግን ከጎጃም ሽማግሌዎች ልማድ ወደ ኋላ ቀረ። የሕጉ 635ኛ ቍጥር ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይላል። መኖሪያውን የሚመርጠው፣ የጋራውን ሀብት የሚያስተዳድረው ባል ነው። ባል አገልጋይ ለመቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት እንድትሠራ ግዴታ ተጣለባት። ይህ አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. ከ1804ቱ የናፖሌዎን ሕግ ጋር ዝምድና አለው። ፈረንሳይ ራሷ የባልን የቤተሰብ ራስነት እ.ኤ.አ. በ1970 ከሕጓ ስትሰርዘው በኢትዮጵያ ግን ድንጋጌው ገና ሠላሳ ዓመት ሊቈይ ነበር።

ፍችን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ዳኞች ሆኑ። ባልና ሚስት የመረጧቸው ሽማግሌዎች ማስታረቅ ሲያቅታቸው ፍቹን ይወስናሉ፤ ጥፋተኛ በሆነው ወገን ላይ የሀብት ቅጣት ሊጥሉበትም ይችሉ ነበር። ሕግ አርቃቂዎቹ በዚህ የአገሩን የሽምግልና ባህል ለማክበር አስበዋል። ይሁን እንጂ ቀድሞ የማስታረቅ ክብር የነበረው ሽማግሌ አሁን የመፍረድ ሥልጣን ጨመረ፤ ሽማግሌዎቹም ወንዶች ነበሩ። ልጆችን በተመለከተ ሕጉ ከባድ ምክንያት ካላጋጠመ በቀር እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከእናታቸው ዘንድ እንዲቈዩ አዘዘ።

ከሁሉ በላይ ሕጉ የሚቆምበት ወረቀት አልነበረውም። ሴቲቱ 15 ዓመት ሊሞላት ይገባል ሲል የልጅቱ የልደት ቀን የተጻፈበት መዝገብ በገጠሩ አልነበረም። ጋብቻውም ፍቹም በቃል ነበር። በ1960 ዓ.ም. በጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሣው ዐመፅ እንዳሳየውም ገበሬው ርስቴን ሊነካ ነው ብሎ በሚጠረጥረው መንግሥት ፊት መመዝገብን እንደ መሸነፍ ይቈጥረው ነበር። ስለዚህም የ1952ቱ ሕግ በከተማ ችሎት ሲጠቀስ በገጠሩ ሰማንያው እንደ ቀድሞው ቀጠለ።

መሬት ለቤተሰብ፣ ስም ለባል

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የጎጃም ርስት በሕግ ፊት አከተመ። አዋጁ በጉልበቱ ለማረስ ለሚፈቅድ ሰው ሁሉ፣ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ መሬት ይሰጣል አለ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በደቡብ ለነበረው ጭሰኛ ይህ አዋጅ ነጻነት ነበር። በጎጃም ግን ለውጡ የተለየ መልክ ነበረው። በትውልድ ቈጠራ የሚገኝ መብት ቀርቶ በገበሬ ማኅበር አባልነት የሚገኝ መብት ተተካ።

ማኅበሩ የሚመዘግበው የቤቱን አባወራ ነበር። በዚህም ምክንያት በቃል የጾታ ልዩነት የሌለበት መሬት በመዝገብ ላይ ብዙውን ጊዜ በባል ስም ሰፈረ። ቀድሞ የተፈታች ሴት ምንም እንኳ ሙግት ቢያስፈልጋት የምትጠቅሰው የአቅኚ አባት ነበራት። አሁን ግን የምትጠቅሰው ሐረግ ተሻረ፤ በምትኩ የምትጠቅሰው መዝገብ ደግሞ ስሟን አልያዘም። ወላጅ አልባ የሆኑና ባል የሞተባቸው ሴቶች በየራሳቸው ያገኙ መኖራቸው እውነት ቢሆንም፣ ባለ ትዳሯ ሴት ፍች በጠየቀች ጊዜ ከማሳው ባዶ እጇን ልትወጣ ትችል ነበር። የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በ1972 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1981 በሴቶች ላይ የሚደረገውን ልዩነት ለማስወገድ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች። የ1952ቱ ሕግ 635ኛ ቍጥር ግን በቦታው ነበር።

ሕጉና ደብተሩ ሲገናኙ

ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጹ ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍች ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ይህን ተከትሎ፣ የኢትዮጵያ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ባደረገው ብርቱ ጥረት ታግዞ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሰኔ ወር 1992 ዓ.ም. ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። የባል ራስነት ቀረ፤ የጋራ ሀብት አስተዳደር የጋራ ሆነ። ፍች በስምምነት ወይም በአንደኛው ወገን ጥያቄ በፍርድ ቤት የሚወሰን ሆነ፤ የቤተ ዘመድ ዳኞችም ፍች የመወሰን ሥልጣናቸው ተነሣ። የልጆች አኗኗር የሚወሰነው በልጆቹ ጥቅም እንዲሆን ታዘዘ። ይህ ሕግ የሚሠራው በፌዴራሉ መንግሥት ሥር ባሉት ከተሞች በመሆኑ የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቍጥር 79 በ1995 ዓ.ም. አወጣ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ የሚያገባውን ቀጣ፤ ከ13 ዓመት በታች ስትሆን ቅጣቱ እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚድንበት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድንጋጌም ተወገደ።

ይህ ሁሉ የአዋጅ ታሪክ ነው። በምዕራብ ጎጃም ግን ከአዋጁ ያላነሰ ሥራ የሠራ ሌላ ነገር ነበር። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተካሄደው የመሬት ድልድል፣ ከብዙ ሰዎች መሬት ቀንሶ ብርቱ ቅሬታ ያስነሣ ቢሆንም፣ ብዙ ሴቶች በስማቸው መሬት አገኙ። ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀመር የባለ ትዳሮች መሬት በባልና በሚስት ስም ተመዘገበ፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ ተለጠፈ። ከርስቱ ዘመን ጀምሮ ሴቲቱ ያላገኘችው ነገር ይህ ነበር። መብቷን ለማስረዳት ሰባት ትውልድ መቍጠር፣ ወንድሟን መክሰስ፣ የማኅበር ሊቀ መንበር መለመን ሳያስፈልጋት ደብተሩን ልታሳይ ትችላለች። የጋራ ሀብት እኩል ይከፈላል የሚለው አንቀጽ በገጠር ሥጋ የለበሰው በዚህ ደብተር ነው።

መሬቱ ተለካ፤ ዕድሜውስ?

ደብተሩ ያልፈታው ጥያቄ የሙሽራይቱ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል የሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 14.7 ዓመት ነበር፤ በአዲስ አበባ 21.4። ሕጉ 18 ብሎ ከወሰነ ዓመታት አልፈው ነበር። መሬት በገመድ ሲለካ የልጅቱ ዕድሜ ገና በግምት ይነገር ነበር። ሽማግሌው ደርሳለች ካለ ደርሳለች፤ መምህሩ አልደረሰችም ቢል የሚያሳየው ማስረጃ አልነበረውም። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍችና የሞት ምዝገባ በአዋጅ የተደነገገው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መካከል በምዕራብ ጎጃም በሞሰቦ የተደረገ አንድ ሙከራ ሊታወስ ይገባዋል። በ1996 ዓ.ም. ብርሃን ሔዋን በሚል ስም የተጀመረው ይህ ሥራ ልጃገረዶችን በቡድን ያሰባስብ፣ ለትምህርት መሣሪያ ይረዳቸው፣ ከቤተሰቦቻቸውም ጋር ይወያይ ነበር። ልጃቸውን ሳይድሩ በትምህርት ላይ ላቈዩ ቤተሰቦችም በመጨረሻ አንዲት ፍየል ተሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ የትምህርት ቤቱ ተማሪ ሲበዛ የተዳረው በእጅጉ ቀነሰ፤ ከዚያ በላይ ባሉት ዘንድ ግን ውጤቱ ይህን አልመሰለም። የሚያስተምረው ነገር ግልጽ ነው። ጋብቻን በከብት ቍጥር ያሰላ የነበረ ወላጅ ከአንቀጽ ይልቅ ፍየሏን ቶሎ ተረዳት፤ ይህም ማለት ሕጉ ከኑሮው ስሌት ውስጥ ሲገባ ብቻ ይሰማል ማለት ነው።

ከሰማንያ እስከ ደብተር ያለው ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳያል። ልማዱ ለሴቲቱ ርስት ሰጥቶ ቃሏን ነሣት። የ1952ቱ ሕግ ቃሏን ጠይቆ ለባል አስገዛት። የ1967ቱ አዋጅ እኩልነቷን አውጆ ስሟን ከመዝገቡ ተወው። ከእያንዳንዳቸው የጸናው መሬት የረገጠው፣ ማስረጃም ያገኘው ክፍል ብቻ ነው። የጎጃም ሽማግሌዎች አንድ ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ የመቍጠር ትዕግሥት ነበራቸው። ያን ያህል ሐረግ በቃሉ የያዘ ሕዝብ የአንዲት ልጅ 18 ዓመት መቍጠር አያቅተውም። የሚጎድለው ዓመቶቹ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ እንዲጻፉ ማድረግ፣ የተጻፈውንም በሽማግሌው ፊት አንብቦ የሚያስረዳ መምህር በየቀበሌው መገኘቱ ነው።